ከሩቅ የሚታዘዝ የፓምፕ ማብሪያ፦ ሞጁሉ እየጠፋ ይነሣል፣ ከውጭም ላገኘው አልቻልኩም

የጉድጓዱ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ነገሩ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

አባቴ አትክልቱን የሚያጠጣበት ጉድጓድ ከቤት የ40 ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ፓምፑን ለማብራት ይሄዳል፤ ታንከሩ እስኪሞላ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ አጥፍቶ ይመለሳል። ጉልበቱን ካመመው ወዲህ መንገዱ ከብዶታል። በስልክህ አንድ ቁልፍ ነክተህ የምታበራውና የምታጠፋው ነገር እሠራልሃለሁ ብዬ ቃል ከገባሁለት 3 ወር አለፈ። እስካሁን የሚሠራ ነገር አላሳየሁትም።

በእጄ ያለው አርዱይኖ ኡኖ (በጻፍኩለት ኮድ የሚሠራ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ)፣ በሲም ካርድ ከስልክ ኔትወርክ የሚያገናኝ ሲም800ኤል ሞጁልና ባለ 5 ቮልት ሰማያዊ ሪሌ (በትንሽ ኃይል የሚታዘዝ ማብሪያ) ያለበት ሰሌዳ ነው። ፓምፑ ነጠላ ፌዝ፣ 220 ቮልት፣ 1.5 ኪሎዋት ነው። ለሞጁሉ ኃይል የምሰጠው ከአርዱይኖው የ5 ቮልት ፒን ሲሆን፣ ቮልቴጁን ዝቅ ለማድረግ በመካከል አንድ ዳዮድ አስገብቻለሁ። በመልቲሜትር ስለካው 4.3 ቮልት ያሳያል። አርዱይኖው ራሱ ትንሽ ድረ ገጽ እንዲያቀርብ አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ አባቴ በስልኩ አድራሻውን ይከፍታል፣ «አብራ» የሚለውን ሊንክ ይነካል፣ ሪሌው ይያዛል። ሐሳቤ ይህ ነበር።

የሚሆነው ግን ሌላ ነው። የሞጁሉ መብራት በፍጥነት ሰባት ስምንት ጊዜ ብልጭ ካለ በኋላ ይጠፋል፤ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። አልፎ አልፎ ኔትወርኩን ያገኝና በየ3 ሰከንዱ ብልጭ ይላል፤ ዳታ ልክፈት ስል ግን ድርግም ይላል። ሁለት ጊዜ ብቻ ተሳክቶልኝ በ10 የሚጀምር የአይፒ አድራሻ ሰጠኝ፤ ያንን አድራሻ ከስልኬ ብከፍተው ገጹ አይገኝም። በዚህ ላይ ለአርዱይኖው ኃይል በሰጠሁ ቁጥር ሪሌው ለቅጽበት ቀጭ ይላል።

ሞጁሉን ቀይሬያለሁ፤ ሲም ካርዱንም አንቴናውንም ቀይሬያለሁ። ሦስተኛ ሞጁል ከመግዛቴ በፊት የት እንደተሳሳትኩ የሚያሳየኝ ሰው እፈልጋለሁ።


ነጭ ሽቦ፦

ወንድሜ፣ ሦስተኛ ሞጁል አትግዛ። የጣልካቸው ሁለቱም ደህና ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ካሉ አውጥተህ አስቀምጣቸው።

ከኃይሉ ልጀምር። ሲም800ኤል የሚፈልገው ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ነው። መልቲሜትርህ 4.3 ሲልህ ሁሉም ነገር ልክ መስሎሃል። ነገር ግን ይህ ሞጁል ሬዲዮውን የሚያሰማው በተቆራረጠ ምት ነው፤ በየ4.6 ሚሊሰከንዱ ከግማሽ ሚሊሰከንድ ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ ብቻ። በዚያች ቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። ስልክ ከድምፅ ማጉያ አጠገብ ሲቀመጥ የሚሰማውን ጉርምርምታ ታውቀዋለህ አይደል? ያ በሰከንድ 217 ጊዜ የሚመታው ይኸው ምት ነው። መልቲሜትር አማካዩን ስለሚያነብ ምቱ አይታየውም። የቮልቴጁን ለውጥ በስክሪን የሚስል ኦሲሎስኮፕ ብታስገባ ግን ቮልቴጁ በእያንዳንዱ ምት እንዴት እንደሚወድቅ በዓይንህ ታያለህ። የዩኤስቢ ገመድ 500 ሚሊአምፔር ነው የሚሰጥህ። ዳዮዱም ሥራ ሲበዛበት የሚበላው ቮልት ይጨምራል፤ ጭነት በሌለበት 0.7 የሚበላው ያ ዳዮድ በ1 አምፔር ወደ 1 ቮልት ይጠጋል። ቮልቴጁ ከ3.4 ሲወርድ ሞጁሉ ራሱን ያጠፋል። መብራቱ ሰባት ስምንት ጊዜ ብልጭ ብሎ የሚጠፋውም ኔትወርክ ፍለጋ በሙሉ ጉልበቱ መጮህ በጀመረ ሰዓት ነው።

ስለዚህ ለሞጁሉ የራሱን ኃይል ስጠው። 3 አምፔር የሚችል ቮልቴጅ አውራጅ ሰሌዳ ውሰድ፤ ሞጁሉን ከማገናኘትህ በፊት ብሎኑን እያዞርክ 4.0 ላይ አቁመው። ውስጣዊ ተቃውሞው ዝቅተኛ የሆነ የ1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኃይል አጠራቅሞ በቅጽበት የሚለቅ) በሞጁሉ የኃይል ፒኖች ላይ በይደው። አጠገቡ ሳይሆን እዚያው ላይ። አንድ ስንዝር ቀጭን የሙከራ ሽቦ በመካከል ካለ ካፓሲተሩ የለም ማለት ነው። የአውራጁን፣ የሞጁሉንና የአርዱይኖውን ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መስመር) አንድ ላይ እሰራቸው፤ ኃይል ሲለይ ግራውንድ አብሮ የሚለይ የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አይቻለሁ።

አንድ ሌላ ነገር ስለ ሁለቱ የመነጋገሪያ ሽቦዎች። አርዱይኖው በ5 ቮልት ይናገራል፤ ሞጁሉ የሚሰማው በ2.8 ነው። ከአርዱይኖው የሚወጣውን መስመር በሁለት ባለ 10 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ከፍለህ 2.5 አድርሰው። በመልሱ አቅጣጫ ደግሞ ኡኖው «ከፍ ያለ» የሚለው በአምራቹ መግለጫ ወረቀት መሠረት ከ3 ቮልት ጀምሮ ስለሆነ የሞጁሉ 2.8 ጠርዝ ላይ ይወድቃል። አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ የማይሠራበት ቀን ግን ምክንያቱን ስትፈልግ ሳምንት ታጠፋለህ። በ3.3 ቮልት የሚሠራ አርዱይኖ ብትይዝ ጣጣው ሁሉ ይቀርልሃል።

አሁን ወደ አድራሻው። በ10 የሚጀምር አድራሻ የውስጥ አድራሻ ነው። የስልክ ኩባንያዎች ብዙ ደንበኞችን በአንድ የውጭ አድራሻ ጀርባ ያሰልፋሉ፤ ከውስጥ ወደ ውጭ መደወል ይቻላል፤ ከውጭ ተነሥቶ አንተን የሚያገኝህ መንገድ ግን የለም። ድረ ገጹን ጉድጓዱ ላይ ማስቀመጥ ስለዚህ አይሆንም። ገጹን በኢንተርኔት ላይ ባለ ሰርቨር አኑረው፤ መሣሪያህ ራሱ ወደዚያ ሰርቨር እየሄደ «ምን ታዘዘ?» ብሎ ይጠይቅ።

ይህንን በሁለት መንገድ ማድረግ ትችላለህ። አንደኛው በየ10 ሰከንዱ በተራ የድረ ገጽ ጥያቄ መመላለስ ነው። ቀላል ነው፤ ግን አስላው። እያንዳንዱ ምልልስ ከነመክፈቻውና ከነመዝጊያው 1 ኪሎባይት ቢሆን፣ በቀን 8640 ምልልስ ወደ 8.6 ሜጋባይት፣ በወር ወደ 260 ሜጋባይት ይደርሳል፤ አንዲት «አብራ» የምትል ቃል ለመጠበቅ ሲባል። ሁለተኛው ኤምኪውቲቲ ነው። ይህ የመልእክት ሥርዓት በ1999 የተወለደው የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል ነበር፤ መስመሩ ቀጭንና ውድ ስለነበር ሠሪዎቹ ለእያንዳንዷ ባይት ሲሳሱ ነው የሠሩት። ግንኙነቱ አንዴ ተከፍቶ ይቆያል፤ «አለሁ» የምትለው ምልክት 2 ባይት ናት። ከነመሸፈኛዋና ከነመልሷ 124 ባይት ገደማ ትሆናለች፤ በየደቂቃው ብትልካት በወር 6 ሜጋባይት አትሞላም። ትእዛዝ ሲመጣም በሰከንድ ውስጥ ይደርስሃል። ስልክ ኩባንያው ሥራ ፈት ግንኙነትን ሳይነግርህ ስለሚቆርጥ ምልክቷን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አታዘግያት።

እስካሁን የጠየቅከውን መለስኩልህ። ከዚህ በኋላ ያልጠየቅከውን ልናገር፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው።

«አብራ» የሚል ሊንክ አታድርግ። ከዓመታት በፊት የአንድ መጋዘን መብራት በእንዲህ ያለ ሊንክ አሠርቼ፣ ሊንኩን ለባልደረባዬ በስልክ መልእክት ላክሁለት። መብራቱ ባልደረባዬ መልእክቱን ሳይከፍት በራ። የመልእክት መተግበሪያው የገጹን ቅድመ እይታ ለማሳየት ሊንኩን አስቀድሞ ራሱ ከፍቶት ነበር። መብራት ስለነበር ምንም አልሆነም፤ የሚሽከረከር ነገር ቢሆንና ሰው እጁን አስገብቶ ቢሆን ኖሮስ ብዬ ዛሬም አስባለሁ። ገጽን ማንበብና ትእዛዝ መስጠት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ትእዛዝ ፖስት በሚባለው፣ ሊንክ በመክፈት ብቻ በማይላከው የድረ ገጽ ጥያቄ ብቻ፣ ከመግቢያ ቃል በኋላ ብቻ ይሂድ።

«ቀያይር» የሚል ትእዛዝም አይኑርህ። መልእክት በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ሊደርስ ይችላል፤ «ቀያይር» ሁለት ጊዜ ከደረሰ አብርተህ አጠፋህ ማለት ነው። «ብራ» የሚለው ግን አሥር ጊዜ ቢደርስም ያው ብራ ነው።

ከሁሉ የባሰውን በገዛ እጄ አይቼዋለሁ። አንድ ፓምፕ «ብራ» ብዬ አዘዝኩት፤ በራ። ከአንድ ሰዓት በኋላ «ጥፋ» አልኩት፤ የአካባቢው የስልክ ማማ ኃይል አጥቶ ስለነበር ትእዛዙ አልደረሰም። ማማው የተነሣው ሲነጋ ነው። ውሃው እኩለ ሌሊት ሳይደርስ አልቆ ነበርና ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ በደረቁ ሲዞር አድሮ ማኅተሙ ቀልጦ አገኘሁት። ባለቤቱ ምንም አላሉኝም፤ ዝምታቸው ግን እስካሁን አልወጣልኝም።

ከዚያ ወዲህ እኔ የምሠራው ማብሪያ «ብራ» የሚል ትእዛዝ አይቀበልም፤ «30 ደቂቃ ብራ» የሚል ነው የሚቀበለው። ሰዓቱን የሚቆጥረው መሣሪያው ራሱ ነው። ግንኙነቱ ቢቆረጥ፣ ሰርቨሩ ቢወድቅ፣ የአባትህ ስልክ ባትሪ ቢያልቅ፣ 30 ደቂቃው ሲሞላ ያጠፋል። ማራዘም የፈለገ እንደገና ይጠይቅ። በኮዱ ውስጥም ማንም ሊያልፈው የማይችል ጣሪያ አስቀምጥ፤ ታንከሩ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ አባትህ ያውቃል። ኡኖው ሥራውን አቁሞ ቢደርቅ የሚያስነሣውን የውስጥ ጠባቂ ሰዓትም አብራው፤ እስከ 8 ሰከንድ ድረስ ይታገሣል። ሲነሣ የመጀመሪያ ሥራው ፓምፑን ማጥፋት ይሁን።


ኮይል፦

ነጭ ሽቦ ያሉትን ሁሉ እደግፋለሁ፤ ሪሌውን ግን ዘልለውታል፤ እኔን ያስደነገጠኝ ደግሞ እርሱ ነው።

ወንድሜ፣ ያንን ሰማያዊ ሪሌ በፓምፑ መስመር ላይ በቀጥታ እንዳታስገባው። በላዩ 10 አምፔር የሚል ቢኖርም ይህ እንደ ምድጃ ላለ ጸጥተኛ ጭነት ነው። ሞተር ሲነሣ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል፤ የ1.5 ኪሎዋት ነጠላ ፌዝ ሞተር ሲሠራ 10 አምፔር ገደማ ከሳበ፣ ሲነሣ ከ50 በላይ ነው። በዚያ ኃይል የሪሌው ከናፍር (መስመሩን የሚያገናኙት የብረት ጫፎች) እርስ በርስ ይበየዳሉ። ከዚያ ኮድህ «አጥፍቻለሁ» ይላል፣ ገጹም «ጠፍቷል» ይላል፣ ፓምፑ ግን ይዞራል። የነጭ ሽቦ የ30 ደቂቃ ቆጣሪም በዚያን ጊዜ ዋጋ የለውም።

ለሞተር የተሠራ ኮንታክተር (ትልቅ ሪሌ በለው) ከነሙቀት መከላከያው አስገባ። ትንሹ ሪሌህ የኮንታክተሩን ኮይል (ከናፍሩን የሚስበውን የማግኔት ጥቅል ሽቦ) ብቻ ይንካ። በኮይሉ ላይ 100 ኦም ሬዚስተርና ለ220 ቮልት መስመር የተፈቀደ የ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ግጠምለት፤ ኮይሉ ሲለቀቅ የሚረጨው ብልጭታ አርዱይኖህን አጥፍቶ እንደገና እንዳያስነሣው።

ሁለት ተንሳፋፊ ማብሪያዎችም ያስፈልጉሃል፤ አንዱ በጉድጓዱ ውስጥ ውሃው ሲጎድል የሚከፈት፣ ሌላው በታንከሩ ውስጥ ሲሞላ የሚከፈት። ሁለቱንም ከኮንታክተሩ ኮይል ጋር በተከታታይ እሰራቸው። ወደ አርዱይኖው አታምጣቸው! ኮዱ ቢሳሳትም፣ ሪሌው ቢጣበቅም፣ ውሃ ሲያልቅ ኮይሉ ራሱ ይለቅቃል።

ቀጭ የሚለው ነገር ቀላል ነው። የእነዚህ ሰሌዳዎች ብዙዎቹ ፒኑ ዝቅ ሲል ነው የሚያበሩት። ኮድህ ፒኑን መጀመሪያ ውጤት ሰጪ አድርጎ ይሰይመዋል፤ በዚያች ቅጽበት ፒኑ ዝቅ ያለ ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጠው፤ መጀመሪያ «ከፍ» ብለህ ጻፍበት፣ ከዚያ ውጤት ሰጪ አድርገው። አርዱይኖው ገና ሲነሣ ያለውን ክፍተት ደግሞ ከፒኑ ወደ 5 ቮልት የሚሄድ የ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ይሸፍንልሃል።

አንድ ልመና፤ የ220ውን ክፍል ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራልህ ወይም ይፈትሽልህ። ውሃና እርጥብ መሬት ባለበት ቦታ ነው የምትሠራው፤ ሣጥኑን ነክቶ የሚከፍተውም አባትህ ነው።


ዘጠኝ ቮልት፦

ይህ ሁሉ ለምን? በቀን ሁለት ጊዜ ለሚበራ ፓምፕ በአጭር መልእክት ማዘዝ አይበቃም? ሰርቨር የለ፣ አይፒ የለ። ደግሞም ሲም800ኤል ሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ያ ኔትወርክ በብዙ አገር እየተዘጋ ነው። በአሜሪካ ኤቲ ኤንድ ቲ ገና በ2017 መጀመሪያ ዘግቶታል። አሁን የሚጀምር ሰው በአራተኛው ትውልድ ሞጁል ቢጀምር ይሻላል እላለሁ።


ነጭ ሽቦ፦

በሁለተኛው ነጥብ ልክ ብለሃል፤ መጥቀስ ነበረብኝ። የጉድጓዱ ልጅ፣ በአካባቢህ ይህ ኔትወርክ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ጠይቅ። ወደ ሲም7600 ብትሻገር ያልኩህ ሁሉ እንዳለ ይቆያል፤ የመነጋገሪያው ቮልቴጅ ብቻ ወደ 1.8 ይወርዳልና ለዋጭ ያስፈልግሃል፤ ብዙ ጊዜ ሰሌዳው ላይ አብሮ ይመጣል።

አጭር መልእክትን አልንቅም፤ እንደ ሁለተኛ መንገድ ጥሩ ነው። ብቻዬን ልመነው ካልክ ግን ሁለት ነገር እወቅ። መልእክቱ መቼ እንደሚደርስ ዋስትና የለህም፤ ከሰዓታት በኋላ የደረሰ «ብራ» ማንም ሳያስበው ፓምፑን ያስነሣል። የላኪውን ቁጥር ማስመሰልም ይቻላል።

ኮይል፣ እህቴ፣ ስለ ሪሌው አመሰግናለሁ። የራሴ ነገር ላይ አተኩሬ አልፌው ነበር።


የጉድጓዱ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ነጭ ሽቦ፣ የፓምፑን ታሪክ ለአባቴ አነበብኩለት፤ «30 ደቂቃው 25 ይሁን» አለኝ። ታንከሩ በ22 ደቂቃ ይሞላል።

ካፓሲተሩንና አውራጁን እንዳዘዙኝ አደረግሁ፤ ሞጁሉ በዚያው ቀን ተነሥቶ 6 ሰዓት ሙሉ ሳይጠፋ ቆየ። ከሁለቱ «የተበላሹ» ሞጁሎች አንዱንም ሞከርኩት፤ ይሠራል።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ከሰርቨሩ ወደ መሣሪያው የሚሄደው ትእዛዝ ሳይመሰጠር መሄዱ አይከፋም? ኡኖው የቲኤልኤስ ምስጠራን አይችልም ሲሉ ሰማሁ።


ነጭ ሽቦ፦

እውነት ነው፤ በ2 ኪሎባይት ማስታወሻ አይችለውም። ነገር ግን አንተ የምትፈራው ማን ያያል የሚለውን ሳይሆን ማን ያዝዛል የሚለውን ነው። ፓምፑ በ25 ደቂቃ እንደሚጠፋ ሌላ ሰው ቢያነብ ምን ይጎዳል? በስምህ ቢያዝዝ ግን ይጎዳል።

ስለዚህ ትእዛዙን አስፈርመው። በሰርቨሩና በአርዱይኖው ላይ አንድ ረጅም ምስጢራዊ ቁልፍ አኑር። ሰርቨሩ የሚልከው ተራ ቁጥር፣ ትእዛዝ፣ ደቂቃ፣ በመጨረሻም ከእነዚህና ከቁልፉ የተሰላ ፊርማ ይሁን፤ ኤችኤምኤሲ ይባላል፣ ኡኖው ላይ በደንብ ይሠራል። መሣሪያው ፊርማውን ራሱ አስልቶ ያመሳክራል፤ ካልተስማማ ይጥለዋል። ተራ ቁጥሩ ካለፈው የማይበልጥ ከሆነም ይጥለዋል፤ የትናንትን መልእክት ቀድቶ ዛሬ የሚልክ ሰው እንዳያታልልህ ነው። የመጨረሻውን ቁጥር በኢኢፕሮም (ኃይል ቢጠፋም በማይረሳው ማስታወሻ) ጻፈው፤ አንዱ ቦታ 100,000 ጊዜ ይጻፍበታል ተብሎ የተሠራ ነውና በቀን 4 ጊዜ ብትጽፍበት ከ60 ዓመት በላይ ያገለግልሃል። አባትህ የሚከፍተው ገጽ ግን ያለ ምስጠራ አይሁን፤ እዚያ የይለፍ ቃል አለ።

በኮዱ ውስጥ ደግሞ «ስትሪንግ» የሚባለውን የጽሑፍ ማስቀመጫ ዓይነት አትጠቀም። ማስታወሻውን እየቆራረሰ ከጥቂት ቀን በኋላ ያደርቅብሃል። ርዝመቱ የተወሰነ የፊደል ድርድር ይበቃሃል።


የጉድጓዱ ልጅ፦

ከ5 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

ኮንታክተሩ ገብቷል፤ ተንሳፋፊዎቹም ገብተዋል፤ የ220ውን ክፍል ባለሙያ አስሮታል። መጀመሪያ ሁሉንም ነገር በብረት ሣጥን ውስጥ ዘግቼው የሲግናል ጥራቱ 9 ሆነብኝ፤ ግንኙነቱ በየሰዓቱ ይቆረጥ ነበር። አንቴናውን ብቻ በገመድ ወደ ውጭ አውጥቼ ምሰሶ ላይ ሳስረው 17 ሆነ፤ በዴሲቤል ሳሰላው ከኔጌቲቭ 95 ወደ ኔጌቲቭ 79 ተሻሻለ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሳይቆረጥ የሰነበተበት ረጅሙ ጊዜ 11 ቀን ነው።

ኮይል፣ በኮንታክተሩ ረዳት ከናፍር በኩል እውነተኛውን ሁኔታ ወደ ገጹ አመጣሁት። አሁን ገጹ «ታዝዟል» እና «በርቷል» የሚሉትን ለየብቻ ያሳያል። በሁለተኛው ሳምንት «ታዝዟል» ብሎ «በርቷል» ሳይል ቀረ፤ ሄጄ ሳየው የጉድጓዱ ተንሳፋፊ ተከፍቷል፤ ውሃው ወርዶ ነበር። በአሮጌው አሠራሬ ቢሆን ፓምፑ በደረቁ ይዞር ነበር።

አባቴ የመጀመሪያውን ሳምንት ቁልፉን በስልኩ እየነካ፣ ከዚያ ግን እንደ ድሮው በእግሩ እየሄደ ያይ ነበር። ለምን እንደሚሄድ ስጠይቀው፣ «መብራቱ በርቷል ይላል እንጂ ውሃው ወጣ አይልም» አለኝ። እውነቱን ነው። አሁን በቱቦው ላይ የፍሰት መለኪያ ልገጥም ነው፤ በአንድ ሊትር ስንት ምት እንደሚሰጥ የሚታወቅ፣ ባለ 1 ኢንች ቱቦ የሚሆን የተጠቀማችሁ ካላችሁ ጭቃማ ውሃ ላይ እንዴት እንደቆየላችሁ ንገሩኝ።